የሞተን ትምህርት ቤት ተማሪዎች አድማ፤ ስለ ሕንፃ ተጀምሮ ወደ ሕግ የተሸጋገረ ጥያቄ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው የአበው አነጋገር፣ ወጣት የጀመረው ሥራ ከፍጻሜ እንደማይደርስ ለማሳሰብ ሲጠቀስ የኖረ ነው። አነጋገሩ በብዙ ጉዳይ እውነትነት ይኖረው ይሆናል። ሆኖም በሰሜን አሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ታሪክ ውስጥ ይህን አባባል የሚፈታተን አንድ ድርጊት ይገኛል። ይኸውም በ1951 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ፣ ፋርምቪል በምትባል አነስተኛ ከተማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያካሄዱት የትምህርት ማቆም አድማ ነው። አድማውን የመራችው የ16 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ተማሪዎቹን ለአድማ ያነሣሣቸውም የመማሪያ ቤታቸው ጥበትና ብልሹነት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የእነዚሁ ተማሪዎች ክስ ከሌሎች አራት ክሶች ጋር ተጣምሮ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ነው የተባለበትን ታላቅ ውሳኔ አስገኘ።

ታሪኩ በሕንፃ ሥራ ለተሰማራ ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። ጥያቄው የተጀመረው በጣሪያ፣ በምድጃና በወንበር ቁጥር ነውና። እነዚህ ሁሉ ሊለኩና ሊቆጠሩ የሚችሉ፣ በቂ ገንዘብ ከተመደበላቸውም ሊስተካከሉ የሚችሉ ጉድለቶች ናቸው። ነገር ግን የጎደለው ሁሉ የተሟላለት አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ከተሰጠ በኋላም ጥያቄው ሳይፈታ ቀረ። ጉዳዩ ከሕንፃ ወደ ሕግ እንዴት እንደ ተሸጋገረ፣ ዋጋውንም የከፈለው ማን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተለያየ ግን እኩል»

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በሉዊዚያና ግዛት የባቡር ተሳፋሪዎችን በዘር የሚለየውን ሕግ በመረመረ ጊዜ፣ ለሁለቱም ወገን የሚሰጠው አገልግሎት እኩል እስከ ሆነ ድረስ መለያየቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም የሚል ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ይህ ፍርድ ከባቡር አልፎ ለምግብ ቤቱ፣ ለሆስፒታሉና ለትምህርት ቤቱ ሁሉ መመሪያ ሆነ። የቨርጂኒያ ግዛትም በ1902 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በግልጽ ደነገገች።

የፍርዱ ቃል ሁለት ክፍል አለው። «የተለያየ» የሚለው በጥብቅ ሲፈጸም፣ «እኩል» የሚለው ግን ከወረቀት ሳይወርድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረ። የበጀት ድልድሉ፣ የአውቶቡሱ አመዳደብ፣ የመጻሕፍቱ አቅርቦትና የሕንፃው ጥራት በነጮች ብቻ በተያዙ ቦርዶችና ምክር ቤቶች ይወሰን ስለ ነበር፣ እኩልነቱን የሚመዝነው ሚዛን በአንደኛው ወገን እጅ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

የሕንፃው ሁኔታ

ሮበርት ረሳ ሞተን የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፋርምቪል የተሠራው በ1939 ነው። ስያሜውን ያገኘው የታስኪጊ ተቋም ሁለተኛ ኃላፊ ከነበሩት ታዋቂ የትምህርት ሰው ነበር። ሕንፃው በጡብ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን፣ የታቀደውም ለ180 ተማሪዎች ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ የተማሪው ቁጥር ከ450 በላይ ሆነ። ይህም ማለት ሕንፃው ከታቀደለት መጠን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሕዝብ ተሸክሞ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም፣ የምግብ አዳራሽ፣ የገላ መታጠቢያና የልብስ መለወጫ ክፍል፣ የሕክምና ክፍልም ሆነ የመምህራን ማረፊያ አልነበረውም። በአንዱ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ የተለያዩ ክፍሎች ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። ቦታ ሲጠፋም በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ማስተማር የግድ ሆነ።

የጥቁር ወላጆች ማኅበር አዲስ ትምህርት ቤት እንዲሠራ የአውራጃውን የትምህርት ቦርድ በተደጋጋሚ ጠየቀ። የተገኘው መልስ በ1940ዎቹ መጨረሻ በግቢው ውስጥ የተተከሉ ሦስት ጊዜያዊ ቤቶች ነበሩ። ቤቶቹ በእንጨት ተዋቅረው ሬንጅ በጠጣ ወፍራም ወረቀት የተሸፈኑ ናቸው። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ የዶሮ ቤት ይመስሉት እንደ ነበር ተማሪዎቹ በኋላ ዘመን መስክረዋል። በክረምት ወራት እያንዳንዱ ቤት የሚሞቀው በአንድ ምድጃ ነው። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ በሙቀት ሲጨነቅ፣ ጥግ የደረሰው ደግሞ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ይማር ነበር። ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ ጣሪያው ስለሚያፈስ ጃንጥላ ዘርግቶ መጻፍ የተለመደ ነገር ሆኗል። እሳቱን የማንደዱና እንጨቱን የማቅረቡ ሥራም በመምህራኑ ላይ የወደቀ ነበር።

በዚያው ከተማ የሚገኘው የነጮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ የተሟሉለት ነበር። ልዩነቱ በሕንፃ ብቻም አልተወሰነም። በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዳረጋገጠው፣ ፊዚክስ፣ የዓለም ታሪክ፣ ላቲን፣ ከፍተኛ የጽሕፈት መኪና ትምህርት፣ የእንጨት፣ የብረታ ብረትና የማሽን ሥራ እንዲሁም ንድፍ በነጮቹ ትምህርት ቤት ሲሰጡ በሞተን አይሰጡም ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ፊዚክስ፣ ንድፍና የማሽን ሥራ መሐንዲስ የሚሆን ልጅ የሚጀምርባቸው ትምህርቶች ናቸው። ስለዚህ ሬንጅ የጠጣው ወረቀት የገንዘብ እጥረት ወይም የሠራተኛ ስሕተት ውጤት ብቻ አልነበረም። ጥቁሩ ልጅ ምን ዓይነት ሥራ ሊሠራ እንደሚገባው አስቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ በግድግዳና በጣሪያ የታየበት ነበር።

የአንዲት ተማሪ ውጥን

ባርባራ ጆንስ በ1935 በኒው ዮርክ ከተማ ተወልዳ ያደገችው በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ገጠር ነው። እናቷ በዋሽንግተን በመንግሥት ሥራ ላይ ስለ ነበሩ፣ ታናናሾቿን ለትምህርት የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእርሷ ላይ ነበር። አጎቷ ቄስ ቨርነን ጆንስ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ያገለግሉ የነበሩና በድፍረታቸው የታወቁ ሰባኪ ናቸው። እርሳቸው ያገለገሉበትን ቤተ ክርስቲያን በኋላ የተረከቡት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው።

ባርባራ ስለ ትምህርት ቤቱ ሁኔታ ለሙዚቃ መምህርቷ ባማረረች ጊዜ፣ መምህርቷ አንድ ነገር ለምን አታደርጊም ሲሉ መለሱላት። ልጃገረዷ በመጀመሪያ መልሱን እንደ ቸልታ ቆጠረችው። እያደር ግን ቃሉ በልቡናዋ ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋትም የረሳችውን ምሳ ለማምጣት ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡሱ አመለጣት። መንገድ ዳር ቆማ ስትጠባበቅ፣ የነጮቹ ተማሪዎች አውቶቡስ ግማሽ ወንበሩ ባዶ እንደ ሆነ አልፏት ሄደ። አንድ ነገር መደረግ እንዳለበት የቆረጠችው ያን ዕለት እንደ ነበር ራሷ በኋላ ጽፋለች።

ከዚህ በኋላ የተከተለው አሠራር ጥንቃቄ የሞላበት ነበር። በተማሪው ዘንድ ተሰሚነት ያላቸውን ጥቂት ልጆች መርጣ በምሥጢር ሰበሰበች። ከእነዚህም መካከል የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበረችው ካሪ ስቶክስና ወንድሟ ጆን ስቶክስ ይገኙበታል። ልጆቹ ምሥጢራቸውን በአቶሚክ ቦምብ ሥራ አምሳል «የማንሃታን ፕሮጀክት» ብለው ጠሩት። በ1950 እና በ1951 መካከል በነበረው ክረምት ለወራት ሲመክሩ ነገሩን በምሥጢር ያዙት። ምሥጢሩን የጠበቁበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወላጆቻቸው የሚሠሩት በነጮች እርሻና ሱቅ ስለ ነበር፣ አስቀድመው ያወቁ እንደ ሆነ ወይ ይከለክሏቸዋል፣ ወይም በተባባሪነት ተጠያቂ ሆነው እንጀራቸውን ያጣሉ።

ኤፕሪል 23 ቀን 1951

በዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ለአቶ ቦይድ ጆንስ የስልክ ጥሪ ደረሳቸው። ሁለት ተማሪዎች በአውቶቡስ ጣቢያ ችግር ላይ ናቸው የሚል ነበር። እርሳቸው ወደ ጣቢያው እንደ ሄዱ፣ ስብሰባ መጠራቱን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ በየክፍሉ ለመምህራን ተዳረሰ። በማስታወሻው ግርጌ ዲሬክተሩ ዘወትር የሚፈርሙባት አንዲት ፊደል ተጽፋለች።

አዳራሹ ከሞላ በኋላ የመድረኩ መጋረጃ ሲገለጥ፣ ዲሬክተሩ ይቆሙበት በነበረው ስፍራ ባርባራ ጆንስ ቆማ ተገኘች። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች። ድምፅ በተነሣ ጊዜም ጫማዋን አውልቃ አግዳሚውን መታችና ጸጥታ አስከበረች። ከዚያም ሁሉም የሚያውቀውን፣ ነገር ግን በአደባባይ ያልተነገረውን የትምህርት ቤቱን ሁኔታ ዘርዝራ፣ አዲስ ሕንፃ እስኪፈቀድ ድረስ ትምህርት እንዲቆም ሐሳብ አቀረበች። እንታሰራለን የሚል ሥጋት በተነሣ ጊዜ፣ የፋርምቪል እስር ቤት ይህን ሁሉ ተማሪ ሊይዝ አይችልም የሚል መልስ ተሰጠ። የጥበት ኑሮ ያስተማራቸው ልጆች የእስር ቤቱንም ስፋት አስልተው ነበር።

ዲሬክተሩ ተመልሰው ተማሪዎቹ ወደ ክፍላቸው እንዲገቡ ቢለምኑም፣ ከ450 የሚበልጡት ተማሪዎች መፈክር የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች ይዘው ወጡ። ሰሌዳዎቹ በምሥጢር ቀደም ብለው የተዘጋጁ ነበሩ። አድማው ለሁለት ሳምንታት ያህል ጸና። በሞንትጎመሪ የተካሄደውና ለዓለም የታወቀው አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ ገና አራት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረው ነበር። በግሪንስቦሮ ከተማ አራት የኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ ጠረጴዛ የተቀመጡትም ወደ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1960 ነው። የፋርምቪል ልጆች የሚከተሉት አርአያ በፊታቸው አልነበረም ማለት ነው።

ከሕንፃ ወደ ሕግ

በአድማው መጀመሪያ ዕለት ባርባራ ጆንስና ካሪ ስቶክስ በሪችመንድ ከተማ ለሚገኙ ሁለት የሕግ ባለሙያዎች ደብዳቤ ጻፉ። እነርሱም ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቆች፣ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን ነበሩ። ጠበቆቹ ለሌላ ጉዳይ በመንገድ ላይ ሳሉ ኤፕሪል 25 ቀን ወደ ፋርምቪል ጎራ አሉ። አሳባቸው ልጆቹን አመስግኖ ወደ ትምህርታቸው እንዲመለሱ ለመምከር ነበር። ነገር ግን የተማሪዎቹን ቁርጠኝነትና ሥርዓት ባዩ ጊዜ አሳባቸውን ለወጡ።

ሆኖም አንድ ብርቱ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ የተሻለ ሕንፃ ለመጠየቅ ብቻ ክስ እንደማያቀርብ፣ ክስ የሚመሠርተው የዘር መለያየቱ ራሱ እንዲሻር ከሆነ ብቻ መሆኑን፣ ለዚህም ወላጆች በፊርማቸው መስማማት እንዳለባቸው አስታወቁ። እዚህ ላይ የጉዳዩ መልክ ተለወጠ። ልጆቹ የወጡት ጣሪያው የማያፈስ ትምህርት ቤት ለማግኘት ነበር። አሁን የተጠየቁት ግን የአውራጃውን፣ የግዛቱንና የደቡቡን ክፍል ኑሮ በሙሉ ከመሠረቱ የሚነካ ነገር ነው።

ቄስ ፍራንሲስ ግሪፈን የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን የምክክሩ ማዕከል ሆነ። ሜይ 3 ቀን በተደረገው ታላቅ ስብሰባ ላይ የሐሳብ ልዩነት በግልጽ ታየ። ቀድሞ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ አንድ ጥቁር አዛውንት፣ ጥያቄው የአዲስ ሕንፃ መስሏቸው እንደ ነበር ገልጸው፣ መለያየቱን ለማፍረስ መነሣት አደገኛ መሆኑን አሳሰቡ። ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። ባርባራ ተነሥታ ጉባኤው በዚህ ንግግር ተሸብሮ እንዳይመለስ ለመነች። ቄስ ግሪፈንም አቋሟን ደገፉ። ጉባኤው ከልጆቹ ጋር ቆመ። ተማሪዎቹ ሜይ 7 ቀን ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ አድማው ከተጀመረ ልክ በወሩ፣ ሜይ 23 ቀን 1951 ደግሞ በ117 ተማሪዎች ስም ክስ ተመሠረተ። በስም ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የሰፈረችው የ14 ዓመቷ ዶሮቲ ዴቪስ ስለ ነበረች መዝገቡ በዴቪስ ስም ተጠራ።

የድፍረቱ ዋጋ ወዲያው መጠየቅ ጀመረ። በትምህርት ቤቱ ግቢ መስቀል ተቃጠለ፤ ይህም በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮችን ለማስፈራራት የሚደረግ የታወቀ ምልክት ነው። የአድማውን ምሥጢር ያላወቁት ዲሬክተር አቶ ጆንስ የሥራ ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። የባርባራ ወላጆች ለሕይወቷ ስለ ሠጉ ወደ ሞንትጎመሪ፣ ወደ አጎቷ ቤት ላኳት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷንም የፈጸመችው በዚያው ነው።

በፍርድ ቤት

ክሱ በፌብሩዋሪ 1952 በሪችመንድ በሦስት ዳኞች ችሎት ለአምስት ቀናት ተሰማ። በማርች ወር የተሰጠው ፍርድ ለመሐንዲስ ትኩረት የሚስብ ነው። ዳኞቹ የሞተን ትምህርት ቤት በሕንፃም፣ በትምህርት ዓይነትም፣ በአውቶቡስም የበታች መሆኑን በዝርዝር አመኑ፤ ጉድለቱም በአስቸኳይ እንዲሟላ አዘዙ። መለያየቱ ራሱ ግን ለዘመናት የቆየ ልማድ መሆኑን ጠቅሰው፣ በየትኛውም ወገን ላይ ጉዳት አላደረሰም ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በሌላ አነጋገር፣ የሚለካውን ጉድለት ተቀብለው የማይለካውን አልፈውታል።

ትእዛዙ በተግባር ዋለ። በ1953 ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶበት አዲስ የሞተን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለዓመታት ገንዘብ የለም ይል የነበረው አውራጃ፣ መለያየቱን ለማዳን ሲል ገንዘቡን አገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ሕንፃ ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቹ በደስታ ወደ ክፍላቸው በተመለሱ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ከሕንፃው አልፎ ሄዷል።

የፕሪንስ ኤድዋርድ ክስ ከካንሳስ፣ ከሳውዝ ካሮላይና፣ ከዴላዌርና ከዋሽንግተን ከተማ ከመጡ ክሶች ጋር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። ከአምስቱ መካከል በተማሪዎች አድማ የተጀመረው ይህ ብቻ ነበር። ሜይ 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ በትምህርት መስክ መለያየት በራሱ የእኩልነት መጓደል መሆኑን አረጋገጠ። የ1896ቱ ፍርድ በትምህርት ቤቶች ረገድ ተሻረ። ይሁን እንጂ በተከታዩ ዓመት የወጣው የአፈጻጸም መመሪያ ቁርጥ ያለ ቀን ስላልወሰነ፣ ለመዘግየት ለሚፈልግ ሁሉ በር ከፈተ።

የተቆለፉት በሮች

የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች በሴናተር ሃሪ ባይርድ መሪነት «የተባበረ እምቢተኝነት» ብለው የሰየሙትን መመሪያ አወጡ። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የሚያደርገው የግዛቱ ሕግ በጃንዋሪ 1959 በፍርድ ቤቶች ተሻረ። በዚያው ዓመት ሜይ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፕሪንስ ኤድዋርድ በመጪው ሴፕቴምበር ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ነጮች ትምህርት ቤት እንዲቀበል አዘዘ። የአውራጃው አስተዳደር ምክር ቤት የሰጠው መልስ ያልተጠበቀ ነበር። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት አልመድብም፣ ግብርም አልጥልም ሲል ወሰነ። የአውራጃው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተቆለፉ። ከተቆለፉት መካከል ከተከፈተ ስድስት ዓመት ብቻ የሆነው አዲሱ የሞተን ሕንፃም ይገኝበታል።

ለነጮቹ ልጆች ወዲያውኑ የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው፤ ለተወሰነ ጊዜም ከግዛቱ በሚሰጥ የትምህርት ክፍያ ድጎማ ተደገፈ። ከ1,700 በላይ የሆኑት ጥቁር ልጆች ግን መሄጃ አጡ። ለእነርሱም ለብቻቸው የግል ትምህርት ቤት ይከፈት የሚል ሐሳብ ከነጮቹ ወገን ቀርቦ ነበር። ይህን መቀበል በፍርድ ያሸነፉትን መልሶ ማስረከብ መሆኑን የተረዱት ወላጆች አልተቀበሉትም። አንዳንዶች ዘመድ ወዳለበት ወደ ጎረቤት አውራጃ ልጆቻቸውን ላኩ። የኩዌከሮች የበጎ አድራጎት ድርጅት ጥቂት ተማሪዎችን በሌሎች ግዛቶች ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር አስቀመጠ። በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ አንድ ኮሌጅም ከፍ ያሉትን ተማሪዎች ተቀበለ። በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ማንበብና መቁጠር የሚያስተምሩ ማዕከሎች ተከፈቱ። የብዙዎቹ ዕጣ ግን ቤት መዋልና የእርሻ ሥራ ነበር።

በ1963 በጋ ወጣቶቹ እንደገና አደባባይ ወጡ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ መሪ ከከተማዋ ከወጣች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል። አሁን የወጡት ትምህርት ቤት ተቆልፎባቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። በቄስ ግሪፈን አስተባባሪነት በዋናው መንገድ ሰልፍ አደረጉ፤ ጥቁሮችን በማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ተቀመጡ፤ በነጮች አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍም ለጸሎት ቀርበው ታሰሩ። ልጆቹ የያዙት ጥያቄ ከ1951ዱ የቀለለ ይመስላል፤ የተከፈተ ትምህርት ቤት ብቻ ነበርና። በሴፕቴምበር 1963 በፌዴራሉ መንግሥት ግፊትና በግል በተሰበሰበ ገንዘብ «ነጻ ትምህርት ቤት» የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ ከ1,500 በላይ ተማሪዎችን ተቀበለ። ሜይ 25 ቀን 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግሪፈን ቤተሰብ ስም በተጠራው መዝገብ ላይ፣ አውራጃው ትምህርት ቤቶቹን መዝጋቱ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ እንደ አስፈላጊነቱም ግብር እንዲጥል ሊገደድ እንደሚችል ወሰነ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ግድም ከአምስት ዓመት በኋላ ተከፈቱ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ስለ ሕንፃ ነው። አንድ ሕንፃ ሲበላሽ ወይም ሲጠብ ባለሙያው ምክንያቱን በአፈሩ፣ በብረቱ፣ በሲሚንቶው ወይም በንድፉ ውስጥ ይፈልጋል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው። የሞተን ታሪክ የሚያሳየው ግን መነሻው ከሥራው ቦታ ውጭ፣ የሚገነባው ለማንና ለምን እንደ ሆነ በተወሰነበት ጠረጴዛ ላይ ያለ ጉድለት መኖሩን ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ጥሩ ጣሪያ አያስተካክለውም። በ1951 በጎጆ ውስጥ ያፈሰሰው ዝናብና በ1959 በአዲሱ ሕንፃ በር ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ የአንድ ውሳኔ ሁለት መልኮች ነበሩ።

ሁለተኛው ስለ ወጣቶች ነው። የፋርምቪል ተማሪዎች ሲነሡ የሕግ እውቀት አልነበራቸውም፤ የጠየቁትም በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው። ትልቅነታቸው ጠበቆቹ የጉዳዩን ስፋት በገለጹላቸው ጊዜ ወደ ኋላ ሳይሉ መቀበላቸው ላይ ነው። ሆኖም ድርሻቸውን ማድነቅ ዋጋውን ለመደበቅ ሰበብ ሊሆን አይገባም። ለአድማ ከወጡት መካከል አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ግን አድማው ሲደረግ ገና አልተወለደም ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ይህን ዕዳ በልጁ ላይ የጣሉት አድማ የመቱት ታላላቆቹ ሳይሆኑ፣ ለፍርድ ከመገዛት ይልቅ በሩን የቆለፉት ሹማምንት መሆናቸውን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። የቨርጂኒያ ምክር ቤትም በ2003 ስለ ድርጊቱ የተሰማውን ጥልቅ ጸጸት ገልጾ፣ በ2004 ትምህርት ለተነፈጉት ሰዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ፈንድ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ እነዚያ ልጆች የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች ሆነው ነበር።

ባርባራ ጆንስ ቤተሰብ መሥርታ፣ በ1979 በፊላዴልፊያ ከሚገኘው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ በዚያው ከተማ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ስታገለግል ኖራ በ1991 ዐረፈች። ስለ ራሷ ብዙ የምትናገር ሰው አልነበረችም። የጡቡ ሕንፃ በ1998 በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። አድማው በተደረገበት ዕለት ኀምሳኛ ዓመት፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2001 ደግሞ ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። በ2020 በዋሽንግተን በሕግ መወሰኛው ሕንፃ ውስጥ ቨርጂኒያን ወክሎ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ የነበረው የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት ተነሥቶ፣ በምትኩ የባርባራ ጆንስ ሐውልት እንዲቆም ተወሰነ።

እንግዲህ በመግቢያው የተጠቀሰው የአበው አነጋገር በዚህ ጉዳይ ላይ አልሠራም ለማለት ይቻላል። በፋርምቪል ልጆች ያቦኩት ለአንድ ታላቅ ሀገር እራት በቅቷል። ከማዕዱ ሳይደርሱ በረኃብ ያደሩ ታናናሾች መኖራቸውን ግን የታሪኩ አንባቢ ሊዘነጋ አይገባውም።